ከቁም ሳጥኑ ጀርባ የተማርኩት ቻይንኛ

ቁም ሳጥናችን ሦስት እግር ነበረው። አራተኛው ተሰብሮ በጡብ ተተክቷል። እናቴ ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመሄዷ በፊት በትከሻዋ ስትገፋው ጡቡ ወለሉን እየፋቀ ይጮሃል፤ ጩኸቱ ሲያበቃ እኔ የለሁም። ከቁም ሳጥኑ ጀርባ የጓዳችን በር አለ፤ ከበሩ ጀርባ እኔ አለሁ። ጓዳዋ ስጋደም እግሬ ግድግዳውን የሚነካባት፣ ሁለት እጄን ስዘረጋ ክርኔ ሳይቃና የምታልቅ ናት። መስኮት የላትም። ከጣሪያው ቆርቆሮ አንድ ሚስማር ወልቆ የጣት ያህል ቀዳዳ ስለተወ፣ ፀሐይ ስትወጣ አንድ የብርሃን ዘንግ ይገባል። የማነበው በሱ ነበር። ዘንጉ ከምዕራቡ ግድግዳ ተነሥቶ ቀስ እያለ ወደ ምሥራቁ ሲሄድ፣ እኔም መጽሐፌን ይዤ በቂጤ እየተንፏቀቅኩ አብሬው እሄዳለሁ።

የተደበቅኩት ከውትድርና ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት አልመጣልኝም፤ ብዙ ሳይቆይ ስሜ የቀበሌው የምልምል ዝርዝር ላይ ወጣ። ያኔ ጉለሌ ውስጥ ለወንድ ልጅ ደህና መንገድ አልነበረም። ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ የቀረ አለ። ኳስ ቆሞ ሲያይ በጭነት መኪና ተጭኖ የሄደ አለ። ወደ ሰሜን የሄደ ደግሞ እንደ ሄደ ነው። እናቴ ባሏን ቀብራ እኔን ብቻ ይዛ የቀረች ሴት ናት፤ ሆስፒታል ልብስ አጣቢ ነበረች። ከግንባር የሚመጡ ቁስለኞች የተኙበትን አንሶላ ታጥባለች። ያንን አንሶላ ያጠበች እናት ልጇን በእጇ አትሰጥም።

ለሰፈሩ፣ አዋሽ ዳር ወዳለ የመንግሥት እርሻ ጥጥ ለቀማ ሄዷል አለች። አንድ ጠዋት ሻንጣ አስይዛ፣ ሰው ሁሉ እያየን እስከ አውቶቡስ ተራ ሸኘችኝ። ሲመሻሽ በጓሮ በኩል ተመልሼ ገባሁ። ሻንጣው ውስጥ የነበረው ጭድ ነው።

ጓዳዋ ውስጥ ከኔ ጋር የገቡት አንድ ፍራሽ፣ አንድ ጀሪካን ውኃ፣ ክዳን ያለው ባልዲ፣ ግጥም የምጽፍበት ደብተርና አንድ መጽሐፍ ናቸው። መጽሐፉን የመረጥኩት እኔ አይደለሁም። ሌሎቹን መጻሕፍቴን ቀስ በቀስ አሮጌ ተራ ሸጬ ጨርሻቸው ነበር፤ ይህን ግን የሚገዛ አልተገኘም። የጀማሪዎች የቻይንኛ መማሪያ ነው፤ የሚያስረዳው በእንግሊዝኛ ነው። አጎቴ ቻይኖች ወሎንና ጎንደርን የሚያገናኘውን መንገድ ሲሠሩ ገልባጭ መኪና ይነዳላቸው ነበር፤ ሥራው ሲያልቅ አንዱ ቻይና ሰጠው፤ እሱም እንግሊዝኛ ስለማያነብ ለኔ አመጣልኝ። ለብዙ ዓመት የአልጋዬ እግር የጎደለውን ሲሞላ ኖሯል።

ግጥሙን ሞከርኩት። በየቀኑ ሁለት መስመር ጽፌ ሁለቱንም እሰርዛለሁ። ጨለማ ውስጥ ያለ ሰው ስለ ጨለማ ሲጽፍ ብዙ የሚለው ያለው ይመስለዋል፤ የለውም። ስለዚህ ቻይንኛውን ከፈትኩ። የሚያስፈልገኝ ቋንቋ ስለሆነ አይደለም። ነገ ዛሬ ከነበርኩበት አንድ ገጽ ፈቀቅ ብዬ ብገኝ ይበቃኝ ነበር።

ለ ላይ ስደርስ ሁለት ወር ሆኖኛል። ቻይኖች ያለቀን ድርጊት የሚናገሩት በዚህች ድምፅ ነው፤ እኛ ፊደል ስንቆጥር የሀን ቤት ጨርሰን የምንጠራት ለ ራሷ። በጽሕፈታቸው እጀታው የቆለመመ ከዘራ ትመስላለች። እኛ በላሁ፣ በላች፣ በልተናል እያልን ግሱን እንደ ሊጥ እናሸዋለን። እነሱ ግሱን አይነኩትም፤ እንዳለ ትተው ከኋላው ከዘራዋን ያስደግፉታል። ቺ መብላት ነው፤ ዎ ቺ ለ፣ በላሁ። ዞው መሄድ ነው፤ ታ ዞው ለ፣ ሄደ። ላይ መምጣት ነው፤ ታ ላይ ለ፣ መጣ።

በቃ፣ ያለፈ ጊዜ ማለት ነው ብዬ ሁለት ቀን ሙሉ ባገኘሁት ግስ ኋላ ሁሉ ለ ለጠፍኩ። መልመጃውን ከመጨረሻው ገጽ መልስ ጋር ሳመሳክረው ግማሹን ተሳስቻለሁ። ተመልሼ ማብራሪያውን በዝግታ አነበብኩ። ለ ያለፈ ነገር ምልክት አይደለችም፤ ያለቀ ነገር ምልክት ናት። ነገ የሚያልቅ ነገርም ይወስዳታል፦ ሚንግትየን ዎ ቺ ለ ፋን ጂዩ ጩ። ነገ ምሳዬን በልቼ እሄዳለሁ፤ የኛ «በልቼ» መሆኗ ነው። ትናንት የነበረ ሁሉ ደግሞ አይወስዳትም። በየቀኑ ሲደረግ የኖረ ነገር ዓመት ሙሉ ቢደረግም ለ የለውም። ያልተደረገ ከሆነ ደግሞ ሜይ ከግሱ ፊት ትገባለች፣ ያኔ ለ ትወጣለች፤ ሁለቱ አንድ ቤት አያድሩም። ታ ሜይ ላይ፣ አልመጣም።

ይህን ከተረዳሁ በኋላ ስለ ራሴ ቀን አሥር ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ተቀመጥኩ። በየቀኑ ቁም ሳጥኑ ይጮሃል። በየቀኑ ብርሃኑን እከተላለሁ። በየቀኑ እናቴ ባልዲውን ታወጣለች። አሥሩንም ጻፍኩ፤ አንዱም ለ አልወሰደም። መጽሐፉን ዘግቼ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ተኛሁ።

መርዶው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ንጋት ላይ ነበር። እናቴ ቁም ሳጥኑን ገፍታ መጨረሷ ነው፤ በሩ ተንኳኳ። በብዙ እግር የሚመጣ ሰው ለደህና አይመጣም፤ እሷም እኔም ፍተሻ ነው ብለናል። ጀርባዋን ቁም ሳጥኑ ላይ ለጥፋ ስትቆም እንጨቱ ሲንቋቋ ሰማሁ። የገቡት ግን የዕድራችን ዳኛና አራት አምስት ጎረቤቶች ናቸው። ተቀመጪ አሏት። አልቀመጥም አለች። እናት ልብ ታውቃለች ብለው እርስ በርሳቸው ሲንሾካሾኩ ሰማሁ፤ ከቁም ሳጥኑ አልላቀቅ ማለቷ መርዶ የሸተታት መስሏቸዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአፋር ፍየል እየነዳ ሸጎሌ የሚያመጣ አንድ ነጋዴ፣ እርሻው ላይ አንድ የጉለሌ ልጅ በወባ መሞቱን አወራ። ስሙን አያውቅም። ለእናቱ አንድ ነው ሲሉ ሰምቷል፤ ተማሪ ነበር ሲሉም ሰምቷል። ከሰፈራችን ወደ አዋሽ የወረደ ሌላ ልጅ የለም፤ እኔም አልወረድኩም እንጂ። ዳኛው መርዶ ማቆየት ነውር ነው ብለው፣ ሥራ ሳትሄድ እንድረስባት ብለው መጡ።

«ልጅሽ አርፏል» አሏት። «ወባ ነው። እዚያው በክብር ቀብረውታል።»

ጓዳው ውስጥ ቆሜ ነበር። እናቴ እስክትመልስላቸው ብዙ ነገር አሰብኩ። ውሸት ነው ብትል፣ የት አለ ይሏታል። ወደ እርሻው ሰው ይልካሉ። ደብዳቤ አምጪ ይሏታል። ከዚያ ጮኸች። እንደዚያ ስትጮህ አባቴ የሞተ ቀን እንኳ አልሰማኋትም። ኋላ አስመስለሽ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኳት። «እነሱ ሲሉት እኔም አየሁህ» አለች፤ «ሞተህ ነበር።»

ሦስት ቀን ተለቀሰልኝ። ደጃችን ላይ የዕድሩ ድንኳን ተተከለ፤ ቤቱ ውስጥ ወለሉ ላይ ሰው ተኛ። በኔና በለቀስተኛው መካከል አንድ ቁም ሳጥንና አንድ የሳንቃ በር ነበር። ማሳል አይቻልም። ባልዲውን መጠቀም የሚቻለው ለቅሶው ከፍ ሲል ብቻ ነው፤ አዲስ ለቀስተኛ ከደጅ እየጮኸ ሲመጣ በልቤ እያመሰገንኩ እነሣ ነበር። በሁለተኛው ቀን የሟች ልብስ ይውጣ ተባለ። እናቴ ሌላ ሰው ቁም ሳጥኑን እንዳይከፍት ከልክላ ራሷ ከፈተች፤ ጭንቅላቷን ልብሱ ውስጥ ቀብራ እያለቀሰች፣ በተሰነጠቀው የጀርባ ሳንቃ በኩል ግማሽ ዳቦ አሾለከችልኝ፤ የጓዳውን በር ወደ ውስጥ ገርበብ አድርጌ ተቀበልኳት።

«አለህ?» አለች በለቅሶዋ መሃል። ጣቷን ነካሁት።

ስለ ሟች የሚወራውንም ሰማሁ። ትሑት ነበር አሉ። ሰው ቀና ብሎ አያይም ነበር አሉ፤ ይኸኛው እውነት ነው፣ ቀና ብዬ የማላየው መንገድ ላይ ግጥም ስለምቆጥር ነው። አንዱ ደግሞ ትንሽ ሰነፍ ቢጤ ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አለ፤ ማንም አልተቃወመውም። ከሁሉ ያሳመመኝ የእትዬ ሙሾ ነው። እትዬ የግድግዳ ጎረቤታችን ናቸው፤ የጓዳዬ የኋላ ግድግዳ የሳቸው የመኝታ ግድግዳ ነው። ስጠመቅ ያቀፉኝ እሳቸው ናቸው። በሦስተኛው ቀን ተነሥተው ደረታቸውን እየመቱ እንዲህ አሉ፦

ወርዶ ጥጥ ለቀመ፣ ጥጡ መች ጠቀመ፣
መገነዣ ሳይሆን እዚያው ተጋደመ።

ከመደበቄ በፊት የጻፍኩት አርባ የሚያህል ግጥም በደብተሬ ነበረኝ። ፊደል የማይቆጥሩ ሴት ቆመው ያወጡትን ሁለት መስመር የሚያህል አንድም አልነበረውም። እየቀናሁ አለቀስኩ፤ ለሞቴ ይሁን ለግጥሜ አላውቅም።

ድንኳኑ ሲፈርስ ዳኛው እናቴን ለብቻዋ አስቀመጧት። ወደ ቀበሌ ሄደው ስሜን ከምልምሉ ዝርዝር እንዳስሰረዙላት ነገሯት፤ ሐዘንሽ ሳይበርድ ልጅሽን አምጪ እያሉ እንዳያስቸግሩሽ ብዬ ነው አሉ። እናቴ እጃቸውን ሳመች። እኔም ሰማሁ። የፈራሁት ዝርዝር ላይ አልነበርኩም። ነገር ግን ጉለሌ ውስጥ የተለቀሰለት ሰው በምን እግሩ ይወጣል? ከቀጨኔ ዳገት እስከ ሸጎሌ መልኬን የማያውቅ ሰው የለም። ከዚያ በፊት ተደብቄ ነበር፤ አሁን ተቀበርኩ። ከተማ ለቆ ለመሄድ ደግሞ ከቀበሌ ይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ለሞተ ሰው ይለፍ አይጻፍም።

አንድ ነገር ተሻለኝ። እናቴ ሥራ ስትሄድ ቤቱ ከውጭ ይቆለፋል፤ ሰው እንደሌለበት ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ የሚፈልገኝም የለም። ስለዚህ ድምፄን ከፍ አደረግኩ። ቻይንኛ በዓይን ብቻ አይያዝም፤ ያው አንድ ቃል ድምፁ ወጣ፣ ወረድ፣ ጎበጥ ሲል ትርጉሙ ይለወጣል። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ሠላሳ ጊዜ፣ ግድግዳውን ተደግፌ፣ እንደ ቆሎ ተማሪ አነበንብ ጀመር። ቺ ለ። ሜይ ቺ። ላይ ለ። ሜይ ላይ።

አርባው ቀረበ። እናቴ ተዝካር አላወጣም አለች። ሰፈሩ ተንጫጫ። ለአንድ ልጇ ጠላ ያልጠመቀች፣ ቄስ ያልጠራች ተብላ በመንገድ ላይ ሰላምታ ተነፈገች። ቧንቧ ላይ ወረፋ ስትይዝ ሴቶቹ ጀርባቸውን እንደሚሰጧት ነገረችኝ፤ እየሳቀች ነው የነገረችኝ፣ ሳቋ ግን አላማረኝም። ቀበሌውን መዋሸት ለሷ ምንም አልነበረም። ዕድሩን መዋሸት ከብዷታል፤ ተሸክማዋለች። በሕይወት ያለ ሰው ስም ፍትሐት ላይ ከሙታን ጋር ተጠርቶ ግን ሰውየው ይኖራል ብላ አታምንም። እሱን እግዜርም አይታለልልኝም አለች።

እሑድ ከሰዓት በኋላ እትዬ መጡ። ቁም ሳጥኑ ቦታው ላይ ነው፤ እኔ ከኋላው ነኝ። ብዙ ተቆጡ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«በግድግዳው በኩል ይሰማኛል» አሉ። «ቀን ቀን፣ አንቺ ሥራ ስትሄጂ። ድምፁ የሱ ነው፣ ቋንቋው ግን የሰው አይደለም። ያወራል፣ ዝም ይላል፣ ያንኑ ይደግማል። ነፍሱ አላረፈችም። አንቺ ጨክነሽ ይሆናል፣ እኔ አቅፌ ያስጠመቅኩት ልጅ ነው፤ ክርስትና ስሙን ለቄሱ ሰጥቻለሁ። ነገ ጠዋት ይፈታል።»

«ስሙን አስመልሺው» አለች እናቴ።

«ለምን?»

«እግርሽ ላይ ልውደቅ፣ አስመልሺው።»

ጉልበቷ ወለሉን ሲመታ ሰማሁ። ለምን ብለው ደግመው ጠየቋት፤ «አስመልሺው» ብቻ አለች። እናቴ ለጎረቤቷ ተንበርክካ እኔ ከሳንቃ ጀርባ ልቆም አልቻልኩም። በሩን ከፍቼ ቁም ሳጥኑን በትከሻዬ ገፋሁት። ጡቡ ጮኸ።

እትዬ አልጮኹም። አንዴ አማተቡ፤ ከዚያ እስከ እግሬ አዩኝ። ጢሜ አድጓል፤ ቆዳዬ ከጨለማው የተነሣ እንደ ነጭ ሽንኩርት ልጣጭ ገርጥቷል። መጽሐፉ በእጄ እንዳለ ነው።

«ፊቴን የነጨሁት ላንተ ነው?» አሉ። ጉንጫቸው ላይ ጠባሳው ነበር።

ይቅርታ ጠየቅኳቸው።

«ያስ ወሬ? በግድግዳው የምታወራው?»

«ቻይንኛ ነው እትዬ። የቻይና ቋንቋ እየተማርኩ።»

ወደ እናቴ ዞሩ። «እኔ ጠበል ረጭቻለሁ» አሉ፤ «ግድግዳውን ሁለቴ አስረጭቻለሁ።» ከንፈራቸው ለሳቅ ተነሥቶ መንገድ ላይ ቀረ። አግዳሚው ላይ ተቀመጡና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

ያሰቡትን አውቅ ነበር። የእትዬ ልጅ እኩያዬ ነው። ሸጎሌ የከብት ገበያ ላይ በግ ሊሸጥ ወጥቶ በአፈሳ ተወሰደ፤ ሁለት ደብዳቤ ጻፈ፤ ሁለቱንም ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ወሬው ጠፋ። እናቴ በነዚህ ወራት እሳቸውን አይዞሽ ስትል፣ እኔ እዚሁ ከግድግዳው ወዲህ ተኝቼ ነበር።

«የኔ ልጅ በግ ይዞ ወጣ» አሉ በመጨረሻ። «ያንቺ ቁም ሳጥን ነበረው።»

እናቴ አንገቷን ደፋች።

«አልናገርም» አሉ እትዬ። «ስሙንም ሄጄ አስመልሳለሁ። አንተ ግን ስማኝ። የኔ እስኪመጣ አንተም አትወጣም። የኔ ሳይመጣ በደጄ ስታልፍ ካየሁህ፣ እኔው ራሴ ቀበሌ ሄጄ ሕያው ነው እላለሁ። ማል።»

መጽሐፍ ቅዱስ ፍለጋ ዓይናቸውን በቤቱ አዟዟሩ። ከዚያ በእጄ የያዝኩትን አዩ።

«እሱ ላይ እጅህን አድርግ።»

«እትዬ፣ ይኼ የሰዋስው መጽሐፍ ነው።»

«የቻይናም ቢሆን መሐላ መሐላ ነው።»

እጄን ጭኜ ማልኩ። ቁም ሳጥኑን መልሰው የገፉት እሳቸው ናቸው። ከእናቴ ይበልጥ ጉልበት ነበራቸው።

ቃላቸውን ጠበቁ። ስሜን አስመለሱ፤ ለሰፈሩም እናቲቱ ተዝካሩን ገዳም ልታወጣ ተስላለች ብለው አወሩ፤ የቧንቧው ወረፋም ቀስ በቀስ ፊቱን መለሰላት። እኔ ግን የምፈራው ሌላ ሆነ። ቀበሌው ቢፈትሽ ላያገኘኝ ይችል ነበር፤ እትዬ ግን ከግድግዳው ማዶ ናቸው። ስገላበጥ ይሰሙኛል። ሳልናገር ስቀር እንኳ መኖሬን ያውቃሉ። አንድ ወር ሙሉ ድምፅ ሳላሰማ አነበብኩ።

ከዕለታት አንድ ቀን ጠዋት ግድግዳው ተንኳኳ።

«ምን ሆነህ ዝም አልክ?» አሉ ከወዲያ። «ከለመድኩት ወዲህ ዝምታው ይረብሸኛል።»

እንደዚያ ተጀመረ። ዛሬ ምን ተማርክ ይሉኛል፤ እነግራቸዋለሁ። የጭቃው ግድግዳ ላይ ጭድ የተነቀለበት ቀጭን ስንጥቅ አለ፤ በሱ በኩል አፋችንን አስጠግተን እናወራለን። ቃሎቹን ንቀው ይሰሙ ነበር፤ ይኼ ቋንቋ ነው ወይስ ብርድ የያዘው ሰው፣ ይላሉ። አንድ ቀን ግን፣ ልጄ መጣ በቻይንኛ ምን ይባላል አሉኝ። ታ ላይ ለ አልኳቸው። ቀስ ብለው ደገሙት፤ ከኔ ይልቅ ጥሩ አድርገው። ቆየት ብለው፣ ሳይመጣ መጣ ማለት ሟርት ነው፣ የእውነቱን ንገረኝ አሉ። ያኔ መጽሐፉ ውስጥ ሌላ ትምህርት ላይ ደርሼ ነበር፤ ገና ያላለቀውን፣ ግን የሚጠበቀውን ነገር የሚናገሩበት። ታ ሃይ ሜይ ላይ አልኳቸው። ገና አልመጣም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ፣ የእናቴ ቁም ሳጥን ከጮኸ በኋላ፣ ግድግዳው ሁለቴ ይንኳኳል።

«ሃይ ሜይ ላይ» ይላሉ እትዬ።

«ሃይ ሜይ ላይ» እላለሁ።

ወደ ገበያቸው ይሄዳሉ፤ እኔ ብርሃኑ እስኪገባ እጠብቃለሁ። አንድ ክረምት፣ አንድ በጋ እንዲህ አለፈ። መጽሐፉን ሦስት ጊዜ ጨረስኩት። ዎ ካን ዋን ለ፣ አንብቤ ጨረስኩ። በዚያ ጓዳ ውስጥ በሙሉ ልቤ ከዘራዋን ያስደገፍኩት ግስ ይህ ብቻ ነው፤ እሱንም በማግስቱ ከመጀመሪያው ገጽ እጀምረዋለሁ።

ግንቦት ላይ መንግሥት ወደቀ። ተኩሱን በቆርቆሮው ቀዳዳ ሰማሁት። እናቴ በሁለተኛው ቀን ከሥራ ስትመለስ ቁም ሳጥኑን እስከ ግድግዳው ጥግ ገፍታ፣ የቀበሌው በር ተበርግዷል፣ ዝርዝሩ መንገድ ላይ ንፋስ ይጫወትበታል፣ ውጣ አለችኝ። ጫማዬን ጠርጋ አስቀምጣዋለች።

አልወጣሁም።

መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ተቆጣች። ማን ይዞህ ነው፣ የማን ባሪያ ነህ አለችኝ። መሐላውም አንድ መጽሐፍ ላይ፣ ያውም የቻይና መጽሐፍ ላይ የተማለ ነው አለች። ልክ ናት፤ የሚይዘኝ አልነበረም። ግን በእንጦጦ በኩል የጎጃሙን መንገድ ይዘው የተበተነው ጦር ወታደሮች ይወርዱ ነበር፤ እግራቸው አብጦ፣ ጫማ የሌለው በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ቁራሽ ዳቦ እየለመኑ። እትዬ ከማለዳ እስከ ማታ መንገድ ዳር እንስራ ውኃ ይዘው ቆመው የእያንዳንዱን ፊት እያዩ ያጠጣሉ ብላ የነገረችኝ ራሷ እናቴ ናት። በዚያ መንገድ፣ በዚያ ደጅ፣ እኔ ጢሜን ተላጭቼ፣ የተጠረገ ጫማ አድርጌ ልለፍ?

በሩ ክፍት ሆኖ ጓዳ ውስጥ ተቀመጥኩ። ክፍት በር እንደዚያ እንደሚያፍን አላውቅም ነበር። ቁም ሳጥኑ ሳለ ቢያንስ የምወቅሰው እንጨት ነበረኝ። ጠዋት ጠዋት ግድግዳው መንኳኳቱን አላቆመም።

«ሃይ ሜይ ላይ።»

«ሃይ ሜይ ላይ።»

ከመንገዱ የሚወርደው ወታደር ቀነሰ፤ ከዚያ ቆመ። ክረምቱ ገባ። የቀዳዳውን ብርሃን ደመና ሸፈነው፤ በቦታው ውኃ ማንጠባጠብ ጀመረ። አንድ ጠዋት ግድግዳው አልተንኳኳም። ጆሮዬን ስንጥቁ ላይ አድርጌ ጠበቅኩ። ትንሽ ቆይቶ የደጃችን በር ተከፈተ፤ እትዬ ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው፣ ላስቲክ ተከናንበው ጓዳው በር ላይ ቆሙ።

«ውጣ» አሉ።

«መጣ?»

«የተመላሾች ስም ዝርዝር ተለጥፏል አሉ፣ ወታደሮቹ በተሰበሰቡበት ካምፕ አጥር ላይ። እኔ አላነብም።» መሬት መሬት እያዩ ነበር። «ደብዳቤዎቹንም ያነበብክልኝ አንተ ነህ።»

ጫማዬ ጠቦኝ ነበር፤ እግሬ በምን እንደ ሰፋ እንጃ። ደጁ ላይ ስወጣ ብርሃኑ ደመናማ ቢሆንም ዓይኔን ከደንኩ። እትዬ ክንዴን ያዙ። ቧንቧው ጋ ስንደርስ ወረፋው ዝም አለ። አንዷ ባልዲዋን ለቀቀች። የዕድሩ ዳኛ በራቸው ላይ ቆመው ነበር፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ምን እንደሚሉ ጠፍቷቸው፣ እንኳን ለዚህ አበቃህ አሉኝ። እትዬ ለማንም አልቆሙም፤ ማንንም ሰላም አላሉም።

ዝርዝሩ በብዙ ወረቀት የተጻፈ ነው። ዝናቡ አንዳንዱን ስም አውርዶ ቀለሙን በአጥሩ ላይ አፍስሶታል። ብዙ እናቶች ብዙ አንባቢ ይዘው መጥተዋል። ከመጀመሪያው ጀምሬ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ፤ እትዬ የኔን ጣት እየተከተሉ በማያነቡት ዓይናቸው አነበቡ። ጨርሼ ደግሜ ጀመርኩ። ሁለተኛውንም ስጨርስ ጣቴን ከወረቀቱ ላይ ማንሣት ከበደኝ።

«አለ?» አሉ።

«የለም እትዬ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። አጠገባችን የቆመ ሰው፣ ሐሙስ ሌላ ዝርዝር ይለጠፋል፣ ከሱዳን በኩል የሚመለሱም አሉ አለን። እትዬ አመሰገኑት። በመንገድ ስንመለስም ክንዴን አልለቀቁም። ደጃቸው ጋ ስንደርስ ላስቲኩን አራገፉ።

«ሐሙስ በጠዋት» አሉኝ።

«እሺ እትዬ።»

ከመሐላው ፈትተውኝ እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። እሳቸውም አላሉም። ቤት ስገባ እናቴ ቁም ሳጥኑን ወደ ሌላኛው ግድግዳ አዛውራው ነበር፤ ጡቡ ወለሉ ላይ የፋቀው ግማሽ ክብ መስመር ብቻ ቀርቷል። እሱን ተሻግሬ ጓዳ ገባሁ። በሩን ዘጋሁና ፍራሼ ላይ ተቀመጥኩ። ጀርባዬን ያስደገፍኩት የእትዬ ግድግዳ ላይ ነው፤ ከወዲያ በኩል አልጋቸው ሲንቋቋ ተሰማኝ፤ እሳቸውም ተቀመጡ።